ለተራበ ፈረስ ገብስ አይሰፈርለትም

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት ስለ ተጣሉ፣ ስለ ተራቡና ስለ ተጎሳቆሉ የቤት እንስሳት ነው። ፈረሱ፣ አህያው፣ በጉና ዶሮው እንዴት ከሞት እንደሚተርፉ፣ እንዴት እንደሚያገግሙ፣ ካገገሙ በኋላስ ማን እጅ እንደሚገቡ ይነገራል። ዓመታቱ የተጠቀሱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መንገድ ዳር ጎድኑ የሚቆጠር ፈረስ ያገኘ ደግ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ማብላትን ነው። እየጎተተ ቤቱ ያደርሰውና ገብስ ይሰፍርለታል፤ ፉርሽካ ይጨምርለታል። ፈረሱም ሳያቅማማ ይበላል። ጎረቤት መጥቶ ያያል፣ ይመርቃል። ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን፣ ነገሩ ሁሉ መስመር የያዘ በመሰለበት ሰዓት፣ ፈረሱ ወድቆ ይሞታል። ሰውየው በሽታ ነበረበት ብሎ ይጽናናል። ብዙ ጊዜ ግን ለሞቱ ምክንያት የሆነው ያ ገብስ ነው።

የእንስሳት ሐኪሞች ምክንያቱን በደንብ ያውቁታል። ሰውነት ምግብ ሲያጣ በመጀመሪያ በጉበትና በጡንቻ ያጠራቀመውን ስኳር ይጨርሳል። ቀጥሎ ስቡን ያነድዳል። ስቡ ሲያልቅ ወደ ራሱ ሥጋ ይዞራል፤ የልብ ጡንቻም ቢሆን አይቀርለትም። በዚህ መሐል በሕዋሳት ውስጥ የሚገኙት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም እየተመናመኑ ይሄዳሉ። ድንገት ስታርች የበዛበት እህል ሆድ ሲገባ በደም ውስጥ ስኳር ይሞላል። ስኳሩን ለማስተናገድ ኢንሱሊን ይመነጫል። ኢንሱሊኑም ስኳሩን ወደ ሕዋሳት ሲያስገባ በደም የቀሩትን ጥቂት ማዕድናት አብሮ ይጠርጋቸዋል። ያን ጊዜ የልብ ምት ይዛባል፣ ትንፋሽ ይከብዳል፣ ጡንቻ ይከዳል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ከእስር ካምፖች የወጡ ብዙ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ሞተዋል፤ ነጻ ያወጧቸው ወታደሮች ካበሏቸው በኋላ።

ታዲያ ምን ይሰጠው? የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች በ1998 ባሳተሙት ጥናት ለረጅም ጊዜ የተራቡ ፈረሶችን በተለያየ መኖ እየመገቡ የደማቸውን ለውጥ ተከታተሉ። የተሻለ ሆኖ የተገኘው አልፋልፋ ነው። ፕሮቲኑና ማዕድኑ ከፍ ያለ፣ ስታርቹ ግን ዝቅ ያለ ነው። አሰጣጡም የራሱ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በየአራት ሰዓቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ ብቻ ይቀርባል፤ ሌሊትም አይቋረጥም። ከዚያ እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ አንድ ጊዜ የሚቀርበው መጠን ቀስ እያለ ይጨምራል፣ የመመገቢያው ሰዓት ደግሞ ይራራቃል። እንደ ልቡ የሚበላው ከአሥር ቀን ወዲህ ነው። ስሌቱ የተሠራው ለትልልቆቹ የአሜሪካ ፈረሶች ስለሆነ ሰውነቱ አነስ ላለው የደጋ ፈረሳችን በዚያው ልክ ይቀነሳል። ፈረሱ ወደ ደህና ቁመናው ለመመለስ ወራት ይፈጅበታል። ከክብደቱ ግማሽ በላይ ያጣ ፈረስ ደግሞ የመትረፍ ዕድሉ የመነመነ ነው።

ሌሊት በየአራት ሰዓቱ ተነስቶ አንድ እቅፍ ሣር የሚሰጥ ሰው ከየት ይገኛል? እንስሳትን ከሞት የማትረፍ ሥራ አብዛኛው ይህንኑ የሚመስል አሰልቺ ሥራ ነው። ፎቶ የሚነሳው፣ ገንዘብ የሚዋጣው ለመጀመሪያው ቀን ነው። አርባኛውን ቀን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ፈረሱ ምን ያህል እንደተጎዳ በዓይን ብቻ መገመት ያሳስታል። በክረምት ጠጉሩ ሲረዝም ክሳቱ ይሸፈናል፤ ሆዱ በትላትል ሲነፋም የጠገበ ይመስላል። በዚህ ምክንያት አሜሪካዊው ተመራማሪ ዶን ሄነኪ በ1983 ከ1 እስከ 9 የሚደርስ የቁመና መለኪያ አወጡ። 1 ያለቀለት አጥንት ነው፣ 9 ደግሞ ስብ የተጫነው። መለኪያው መሣሪያ አይፈልግም፤ የሚሠራው በእጅ ነው። አንገቱ፣ ትከሻው፣ ጎድኑ፣ ወገቡና የጅራቱ ሥር ይዳሰሳል። የጎድን አጥንቶቹ ለዓይን ሳይታዩ በእጅ ሲዳሰሱ በቀላሉ የሚገኙ ከሆነ ፈረሱ ደህና ነው። ማንኛውም ባለ ጋሪ በየሳምንቱ መጨረሻ ሊያደርገው የሚችል ምርመራ ነው፤ የሚጠይቀውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ካይሮ እንሻገር። በ1930 እንግሊዛዊቷ ወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ ግብፅ ገቡ፤ ባለቤታቸው በዚያ የሰፈረው የእንግሊዝ ፈረሰኛ ብርጌድ አዛዥ ሆነው ተሹመው ነበር። ወይዘሮዋ ፈረስ አዋቂ ነበሩና ዓይናቸው በከተማይቱ ጋሪ ጎታቾች ላይ አረፈ። ያረጁትን ቀረብ ብለው ሲያዩ የእንግሊዝ ጦር ምልክት የሆነው የቀስት ማኅተም ተተኩሶባቸው አገኙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመቱ ፈረሶች ነበሩ። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ አገራቸው አልመለሳቸውም፤ በሺዎች የሚቆጠሩት እዚያው ተሸጡ። እነሆ ከአሥር ዓመት በላይ በካይሮ ጠጠርና ሙቀት ጋሪ ሲጎትቱ፣ አንዳንዶቹ ታውረው፣ አንዳንዶቹ አንክሰው ተገኙ።

ዶሮቲ ብሩክ በ1931 ሞርኒንግ ፖስት ለተባለው የለንደን ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። አንባቢው ገንዘብ አዋጣ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በሦስት ዓመት ውስጥም አምስት ሺህ የጦር ፈረሶች ተገዙ። ታሪኩ እዚህ ላይ ሲቆም ያምራል። እውነቱ ግን አብዛኞቹ አርጅተውና ደክመው ስለነበር ሥቃይ በሌለበት መንገድ እንዲሞቱ ተደርጓል። ወይዘሮዋ ያን ያህል ገንዘብ ያሰባሰቡት በአብዛኛው ለፈረሶቹ ደህና ሞት ለመግዛት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ሁኔታ ሊደረግ ከሚችለው ሁሉ የተሻለውም እርሱ ነበር።

አምስት ሺህ ፈረስ ከጋሪ ሲወጣ ጋሪው ግን ቆሞ አልቀረም። ባለ ጋሪው የሚበላ ቤተሰብ አለው፤ በተከፈለው ገንዘብ ሌላ ፈረስ ገዝቶ ይቀጥላል። በመግዛት ብቻ የሚሠራ የነፍስ አድን ሥራ ማብቂያ የለውም፤ ሳይታወቀው ለተጎሳቆለ ፈረስ ገበያ ይፈጥራል። ዶሮቲ ብሩክም በ1934 ካይሮ ውስጥ የጦር ፈረሶች መታሰቢያ ሆስፒታልን ከፈቱ፤ ለከተማይቱ የሥራ ፈረሶችና አህዮች በነጻ ሕክምና የሚሰጥ። ዛሬ ብሩክ ተብሎ የሚታወቀውና በኢትዮጵያም የሚሠራው ድርጅት የተወለደው ከዚያ ሆስፒታል ነው።

አህያ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በእንግሊዝ አገር ዴቨን የሚገኘውን የአህዮች መጠለያ በ1969 የመሠረቱት ኤሊዛቤት ስቬንድሰን ይባላሉ። ሥራቸው ገና ጥቂት አህዮች ይዞ ሲንፏቀቅ በ1974 አንዲት ሴት አርፈው በኑዛዜያቸው 204 አህዮችን ለእርሳቸው መተዋቸው ተነገራቸው። ሁለት መቶ አራት! ርስት ነው ወይስ ዕዳ ብለው ሳይጨነቁ አልቀሩም። ተቀበሏቸው፤ ድርጅቱም ከዚያ በኋላ አድጎ በዓለም ከታወቁት የአህያ ተቋማት አንዱ ሆነ።

እዚያ ከተለመዱት ሥርዓቶች አንዱ ለማያውቅ ሰው ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አህያ ብቻዋን ለአሳዳጊ አትሰጥም፤ ጥንድ ሆና ነው የምትሄደው። ጓደኛዋ ከሞተ ደግሞ ሬሳው ቶሎ አይነሳም፤ ቀርባ እንድታሸተው፣ እንድታየው ጊዜ ይሰጣታል። ምክንያቱ ሕክምና ነው። አህያ ጓደኛዋ ድንገት ሲሰወርባት ትጨነቃለች፣ መብላት ታቆማለች። ያን ጊዜ ሰውነቷ ስቧን በገፍ ወደ ደም ይለቃል፤ ጉበቷም ያን መቋቋም አቅቶት ይከዳታል። ሕመሟም በቀላሉ አይታይም። ፈረስ ሲያመው ይንከባለላል፣ ሆዱን ዞሮ ያያል። አህያ ግን ጆሮዋን ጣል አድርጋ ዝም ትላለች። ይህን ዝምታ ብዙ ሰው እንደ ግትርነት ይቆጥረዋል፤ አንድ የአህያ ሐኪም ግን መጀመሪያ የሚጠራጠረው በሽታን ነው።

ጥር 2008 ላይ እንግሊዝ አገር አመርሻም አቅራቢያ በሚገኝ አንድ የፈረስ ነጋዴ እርሻ ከአንድ መቶ በላይ ፈረሶችና አህዮች በሬሳዎች መሐል ታጉረው ተገኙ። የአገሪቱ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ብቻውን ሊይዛቸው አልቻለምና ሬድዊንግስን የመሳሰሉ መጠለያዎች ተከፋፈሏቸው። የፍርድ ሂደቱ ለዓመታት ዘለቀ። እንዲህ ባለ ጊዜ መጠለያዎቹ የሚገጥማቸው ፈተና ከሕክምናው በላይ ነው። በክርክር ላይ ያለ እንስሳ ሕጋዊ ባለቤቱ ገና አልተለየም፤ ፍርድ ቤቱ እስኪወስን ይቀለባል፣ ይታከማል፣ ክብደቱ ይመዘገባል። ያ መዝገብ ኋላ ማስረጃ ይሆናል።

ካገገመ በኋላስ? ዎርልድ ሆርስ ዌልፌር የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት በ1927 ሲመሠረት ሌላ ስም ነበረው። ዛሬ ፈረሶቹን ለአሳዳጊ ሲሰጥ ባለቤትነቱን አይለቅም። አሳዳጊው ፈረሱን ሊሸጠው፣ ሊያራባው አይችልም። የድርጅቱ ሰዎች ከመስጠታቸው በፊት ግቢውን ያያሉ፤ ከሰጡም በኋላ እየሄዱ ይጎበኛሉ። አሳዳጊው ቢታመም፣ ኑሮ ቢከብደው ወይም ቦታ ቢቀይር ፈረሱ ወደ ድርጅቱ ይመለሳል። በእኛ አገር ወግ ቢታሰብ ላም በአደራ ሰጥቶ እየተመላለሱ እንደመጠየቅ ያለ ነው። ያለዚህ ውል የተሰጠ ፈረስ ጥቂት ቆይቶ ገበያ ላይ ሊገኝ ይችላል።

በግ፣ ላምና ዶሮ በዚህ ረገድ ከፈረስ ያነሰ ዕድል አላቸው፤ ዋጋቸው ሥጋቸው ነውና። በ1986 አሜሪካ ፔንስልቬኒያ፣ ላንካስተር ከተማ ከሚገኝ የከብት ገበያ በስተጀርባ የሞቱ እንስሳት በሚጣሉበት ክምር ላይ አንዲት በግ በሕይወት ተገኘች። ያገኟት ወጣቶች ወደ ሐኪም ወሰዷት፤ ብዙም ሳትቆይ በእግሯ ቆመች። በሙቀትና በመጓጓዣ ጭንቀት ተዳክማ ከሞቱት ጋር የተጣለች ነበረች። ሂልዳ አሏት። ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ የኖረች ሲሆን ፋርም ሳንክቹዋሪ የተባለው የእርሻ እንስሳት መጠለያም ጉዞውን በእርሷ ጀመረ። ድርጅቱ ለረጅም ዓመታት ከተሟገተባቸው ጉዳዮች አንዱ መቆም ያቃታቸው ከብቶች እንዳይታረዱ ነበር። በ2009 የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት መቆም ያቃታቸው ትልልቅ ከብቶች ለሰው ምግብ እንዳይታረዱ የሚከለክል ደንብ አወጣ።

እንግሊዝ አገር ደግሞ እንቁላል መጣላቸው የቀነሰ ዶሮዎችን ከእርሻ ተቀብለው ለቤተሰቦች የሚያድሉ በጎ አድራጊዎች አሉ። አንድ ዓመት ተኩል ገደማ የሆናቸው፣ ላባቸው የረገፈ፣ አጥንታቸው እንቁላል ሲሠራ ካልሲየሙን ጨርሶ የሳሳ ዶሮዎች ናቸው። እኛ አገር ይህ የዶሮ ትውልድ በአብዛኛው ለበዓል ዶሮ ወጥ ነው የሚሄደው፤ ለማደጎ ስጡን የሚል ሰውም ገና አልተሰማም።

ኢትዮጵያ ጀግኖቿን በፈረስ ስማቸው የምትጠራ አገር ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ፈረሶቻቸውን አስጊጠው አደባባይ ይወጣሉ። አገሪቱ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አላት፤ በአህያ ቁጥር ደግሞ በዓለም ቀዳሚ ናት። ይሁንና ከእነዚህ ፈረሶች መካከል በሞጆ፣ በቢሾፍቱ ወይም በሐዋሳ ጋሪ የሚጎትተው ፈረስ ኑሮው ከበዓል ፈረስ ኑሮ ጋር አይገናኝም። ብዙ ጊዜ ደጋ ተወልዶ ቆላማ ከተማ ይሸጣል፤ ሙቀቱ ይፈትነዋል፣ በሽታው አዲስ ይሆንበታል።

ከበሽታዎቹ አስከፊው ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው ነው። አምጪው ፈንገስ ሲሆን የሚገባውም በቁስል በኩል ነው። ዝንብ ያዛምተዋል፤ በጋራ የሚጠቀሙበት የጋሪ ዕቃም ያዛምተዋል። በእግሩ፣ በደረቱና በአንገቱ በኩል የሊምፍ መስመርን ተከትሎ እባጭ ይደረደራል፤ ይፈነዳል፣ መግል ያወጣል፣ ደግሞ ሌላ ይነሳል። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶችን አይቶ ከመቶ 19 ያህሉ ተይዘው አገኘ። ሞጆ ላይ ቁጥሩ ከመቶ 39 ደርሶ ነበር። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት እባጩን ከፍቶ በአዮዲን ማከም ይረዳል፤ ግን ክትትሉ ረጅም ነው፣ ፈረሱም ከሥራ ማረፍ ይኖርበታል።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ፈረሱ ሲያርፍ የባለ ጋሪው ቤት ጾሙን ያድራል። ስለዚህ በሽታው እየባሰ ይሠራበታል፤ ጨርሶ ሲያቅተው ደግሞ ጉሮሮውን ለመድፈን ሌላ ፈረስ ይገዛል፣ የታመመውን መንገድ ላይ ይለቀዋል። ባጃጅ የጋሪን ገበያ በወሰደባቸው ከተሞችም እንዲሁ የሚለቀቅ ፈረስ አለ። ባለቤቱ ጨካኝ ነው ብሎ መደምደም ይቀላል። ብዙው ባለ ጋሪ ግን የለቀቀው መግደሉን ስለፈራው ነው፤ ነፍስ ማጥፋት ይከብደዋል፣ እግዜር ያውቃል ብሎ ይተወዋል። ሌሊት የሚመጣው ግን ጅብ ነው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ መንገድ ዳር የተለቀቀ ፈረስም የሚያስጥለው የለም፣ በቁሙ ይበላል። በሐኪም መርፌ የሚመጣ ሞት ከዚህ በብዙ እጅ ይሻላል። ካህኑም ሼሁም በዚህ ጉዳይ ላይ ከሐኪሞች ጋር ቢነጋገሩ ለባለ ጋሪው ትልቅ ጭንቀት ያቀሉለት ነበር።

በኢትዮጵያ ሰፊ ሜዳ ያለው መጠለያ ገንብቶ ፈረሶችን ማሰባሰብ ብዙ አያራምድም። የሚቀልባቸው ገንዘብ የለም፤ ባለ ጋሪውም ፈረሱን አሳልፎ አይሰጥም፣ ቢሰጥም በሌላ ይተካዋል። የሚያዋጣው ፈረሱን ከነባለቤቱ ማዳን ነው። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኝባት ከተማ ናት፤ ስፓና የተባለው የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅትና የአህዮች መጠለያው ድርጅትም እዚያ ለዓመታት ሕክምና ሲሰጡ፣ ባለቤቶችን ሲያስተምሩ ቆይተዋል። የሥራው ትልቁ ክፍል ቀላል ይመስላል። ጀርባ የሚልጠውን የፕላስቲክ ማዳበሪያ ጭድ በታጨቀበት ለስላሳ ጨርቅ መተካት፣ ቁስልን በጨው ውኃ ማጠብ፣ በጋለ ብረት መተኮስን ማስቀረት፣ በሥራ መሐል ውኃ ማጠጣት። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 45 ሊትር ውኃ ይጠጣል። ጋሪ ማቆሚያዎቻችን ላይ ስንት ገንዳ እንዳለ ማየት ብቻ ብዙ ይናገራል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማዳን በሕዝብ ድምፅ ይመጣል። በ2017 ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ነበር፤ የአህያ ቆዳ ለቻይና ባህላዊ መድኃኒት የሚፈለግ ነው። ነዋሪው በብርቱ ተቃወመና ቄራው በዚያው ዓመት ተዘጋ። በየካቲት 2024 አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሪቱ ለ15 ዓመት እንዲታገድ ተስማሙ።

ለማንኛውም ዛሬ ማታ አንድ አድማጭ መንገድ ዳር የቆመ የተጎሳቆለ ፈረስ ቢያገኝ መጀመሪያ ከመንገዱ ያርቀው፤ መኪናም ጅብም ከማያገኘው ቦታ ይሰረው። ውኃ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ ያጠጣው። ድርቆሽ ካለ አንድ እፍኝ ሁለት እፍኝ ይስጠው እንጂ እህል አያቅርብለት። እባጭ ካለበት ከሌሎች ፈረሶች ያርቀው፣ ገመዱን ለሌላ አያውል፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጠዋት በአቅራቢያው ወዳለ የእንስሳት ጤና ኬላ ወይም ክሊኒክ ሰው ይላክ፤ ቀበሌውም ባለቤቱን ያፈላልግ። ባለቤቱ ከተገኘ ጠብ አያስፈልግም። ፈረሱ የት እንደቆሰለ፣ መቼ እንደጀመረው፣ ምን ሲበላ እንደነበር ከእርሱ በላይ ለሐኪሙ የሚነግር የለም።

የሰኮና አያያዝና የጥርስ ምርመራ ለብቻቸው ጊዜ የሚፈልጉ ስለሆኑ በሚቀጥለው ዝግጅት ይቀርባሉ።